የሞዴል ባቡር ኩርባ ሞጁል፦ 30 ዲግሪ፣ 45 ዲግሪ ወይስ ሙሉ ማዕዘን?

ቀጥ ያለ ሞጁል መሥራት ብዙ ሰው አይከብደውም። ኩርባው ላይ ሲደርስ ግን እጁ ይቆማል። ለዚህ ነው አንድ ቡድን ሞጁሎቹን ሰብስቦ አዳራሽ ውስጥ ሲዘረጋ ቀጥ ያለው ተትረፍርፎ ኩርባው የሚጠፋው። አዳራሽ ደግሞ ግድግዳ አለው፣ መስመሩ የሆነ ቦታ ላይ መታጠፍ አለበት፤ ስለዚህ ጥሩ ኩርባ ሞጁል ያለው ሰው ሁሌም ይፈለጋል።

ለአዲስ ገቢዎች ባጭሩ ልበል። እያንዳንዱ ሰው ቤቱ ውስጥ አንድ ቁራጭ መስመር ይሠራል፣ ከዚያ ቁራጮቹ ይገጣጠሙና ባቡሩ ከአንዱ ወደ ሌላው ሳይደናቀፍ ያልፋል። ይህ የሚሆነው ግን የሁሉም ቁራጭ ጫፍ በተስማሙበት ልክ ከተሠራ ብቻ ነው። ጫፉ ላይ የሚቆመውን ሳንቃ ከዚህ በኋላ "የጫፍ ሳንቃ" እለዋለሁ።

ሰው ኩርባ ሞጁል ሲያስብ ቀድሞ ቅርጹን ይስላል። ጎኑ እንዴት ይጠማዘዝ፣ ተራራው የት ይሁን፣ ድልድዩስ። እኔ ቅደም ተከተሉ ይገልበጥ ባይ ነኝ። መጀመሪያ ስታንዳርዱ (ሠሪዎቹ የተስማሙበት ልክ)፣ ቀጥሎ ሬዲየሱ (ከኩርባው መሃል ነጥብ እስከ ሐዲዱ ያለው ርቀት)፣ ከዚያ በሁለቱ የጫፍ ሳንቃዎች መካከል ያለው አንግል፤ ቅርጹ መጨረሻ። ቅርጹ ቢበላሽ አንድ ሞጁል ያስቀይማል፣ አንግሉ ከተበላሸ ግን የሰው ሁሉ መስመር አይገጥምም።

የትኛው ስታንዳርድ?

የምትኖሩበት አገርና ቤታችሁ ያለው ቦታ ግማሹን ምርጫ ይጨርሱላችኋል። አሜሪካ ሆናችሁ በኤችኦ (1:87፣ ማለትም ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያነሰ፣ የሐዲዱ ስፋት 16.5 ሚሊሜትር) የምትሠሩ ከሆነ ፍሪሞን ታገኛላችሁ። ጀርመንና አካባቢው ላላችሁ ደግሞ በ1981 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ፍሬሞ አለ። ሁለቱ ስማቸው ቢቀራረብም እንዳለ አይገጣጠሙም፤ ፍሪሞ ሐዲዱን ከወለል 50 ኢንች (127 ሴንቲ) ላይ ሲያስቀምጥ ፍሬሞ 130 ሴንቲ ላይ ነው። የሐዲዱ አገጣጠምም ይለያል። በፍሪሞ ሐዲዱ ከጫፉ 1 ኢንች ቀድሞ ይቆምና 2 ኢንች የሆነች አጭር ሐዲድ መሃል ትገባለች። በፍሬሞ ግን ሐዲዱ እስከ ጫፉ ድረስ ሄዶ ከጎረቤቱ ጋር አፍ ለአፍ ይገጥማል፣ ስለዚህ ጫፉ ላይ ያለው ትክክለኛነት ይበልጥ ጥብቅ ነው። ሁለቱንም የምወድላቸው ግን በአንድ ነገር ነው፦ ሞጁሉ ስንት ዲግሪ ይታጠፍ የሚለውን ለሠሪው ይተዉለታል።

በኤን ስኬል (1:160፣ ሐዲዱ 9 ሚሊሜትር) የምትሠሩ ሁለት ሰፊ መንገድ አላችሁ። አንዱ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ካሊፎርኒያ ውስጥ የተጀመረው ኤንትራክ ነው። ሦስት ሐዲድ ጎን ለጎን ይሄዳል፣ ሐዲዶቹም ወደ ፊተኛው ጠርዝ የተጠጉ ናቸው። ኩርባው ብዙውን ጊዜ ሙሉ 90 ዲግሪ የሚታጠፍ ትልቅ የማዕዘን ሞጁል ነው። ሞጁሉ ፊትና ጀርባ ስላለው ወደ ውስጥ የሚታጠፈውና ወደ ውጭ የሚታጠፈው ማዕዘን የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፣ አንዱን አዙራችሁ በሌላው ቦታ አታስገቡትም። ሞጁሉን የምትጭኑበት መኪና ትንሽ ከሆነ ኤንትራክ ላይ ኩርባ ለመሥራት አትቸኩሉ፤ ቀጥ ያለውን ሠርታችሁ ማዕዘኑን ሰፊ መኪና ላለው ሰው ተዉለት።

ሌላው ቲትራክ ነው፣ ጠረጴዛ ላይ የሚዘረጋው። አፓርታማ ውስጥ ለሚኖር ሰው ከሁሉ የሚቀለው ይሄ ነው። ካቶ የሚባለው ኩባንያ የሚሠራውን ዩኒትራክ ሐዲድ ስለሚጠቀም ምንም ኩርባ አትስሉም፤ ከሁለቱ ሐዲዶች ውስጠኛው 282 ሚሊሜትር፣ ውጨኛው 315 ሚሊሜትር ሬዲየስ ሆኖ ከፋብሪካ ይመጣል። ቀጥ ያለው ሳጥን 308 ሚሊሜትር፣ ላዩ ላይ ያለው ሐዲድ 310፣ ስለዚህ በየጫፉ 1 ሚሊሜትር ወጣ ብሎ ሐዲዱ ራሱ ከጎረቤቱ ጋር ይቆላለፋል። የማዕዘኑ ሳጥን በየጎኑ 365 ሚሊሜትር የሆነ ካሬ ነው። አራቱን ስታጋጥሙ 73 ሴንቲ በ73 ሴንቲ የሆነ ሙሉ ዙር አገኛችሁ ማለት ነው፣ የምግብ ጠረጴዛ ይበቃዋል። ጉዳቱ መልኩ ላይ ነው። 85 ጫማ የሆነ የመንገደኛ ፉርጎ በዚህ ስኬል 16 ሴንቲ ገደማ ነው፣ በ282 ኩርባ ላይ መሃሉ ወደ ውስጥ ገብቶ ጫፎቹ ወደ ውጭ ይወጣሉ። ይሄዳል፣ ግን ዓይን ያያል። አጫጭር ፉርጎዎችና ትንንሽ ሎኮሞቲቮች ከያዛችሁ ግን ያምራል።

ከዚህ በታች ያለው በዋናነት ለፍሪሞ ሠሪ ነው፣ ምክንያቱም ምርጫው በእውነት የሚከብደው እዚያ ነው።

ሬዲየሱን ማጥበብ ያጓጓል

የፍሪሞ ዝቅተኛው የዋና መስመር ሬዲየስ 42 ኢንች (1067 ሚሊሜትር) ነው። ሱቅ ውስጥ የሚሸጡት የተለመዱት የኤችኦ ኩርባ ሐዲዶች 18 እና 22 ኢንች ስለሆኑ 42 ሲባል ብዙ ሰው ይደነግጣል። አትደንግጡ። ያው 85 ጫማ ፉርጎ በኤችኦ 30 ሴንቲ ሊሞላ ምንም አይቀረውም። ሞዴሊስቶች የሚሠሩበት ልማድ ደግሞ ሬዲየሱ የረጅሙን ፉርጎ 3 እጥፍ ካልሆነ አስተማማኝ አይደለም የሚል ነው፣ ይህም 90 ሴንቲ ገደማ ይመጣል። 1067 ላይ 3.6 እጥፍ ሆነ። ቤታችሁ ውስጥ የምታውቁት የራሳችሁ ባቡር ብቻ ቢሄድ ሌላ ነገር ነበር፤ ሞጁል ላይ ግን የማታውቁት ሰው ባቡር፣ ረጅም ሆኖ፣ ወደ ኋላ እየተገፋ ያልፋል። ለእሱ ነው የምትሠሩት።

ከ42 በላይ መሄድ ትችላላችሁ? ቦታና መኪና ካላችሁ ሂዱ፣ 48 ኢንች በጣም ያምራል። ተመልካቹ የሚቆምበትንም አስቡ። ከኩርባው ውስጠኛ ጎን የሚያይ ሰው ፉርጎዎቹ ተያይዘው ይታዩታል፤ ከውጭ የሚያየው ግን በየፉርጎው መካከል ያለው ክፍተት ተከፍቶ ይታየዋል። ሞጁላችሁ ከውጭ የሚታይ ከሆነ ተጨማሪዋ ስድስት ኢንች ድካሟን ትከፍላለች።

90 ዲግሪውን በስንት ልክፈለው?

እዚህ ላይ ቁጥር ያስፈልጋል። የጫፍ ሳንቃው 24 ኢንች (610 ሚሊሜትር) ስፋት አለው እንበል፣ ሐዲዱ መሃሉ ላይ ነው፣ ሬዲየሱ 1067፣ በየጫፉ ደግሞ 10 ሴንቲ ቀጥ ያለ ሐዲድ እንተዋለን። ያችን ቀጥታ አትስረቋት፣ ጎረቤት ሞጁል ላይ ያለው ሐዲድ ሳይጠመዘዝ እንዲገጥም የምታደርገው እሷ ናት። ጎኖቹን ደግሞ ለጊዜው ቀጥ ያሉ እናድርጋቸው።

ሙሉውን 90 በአንድ ሳጥን ከሠራችሁ፣ የሁለቱን የጫፍ ሳንቃዎች ውጨኛ ጥግ በቀጥታ ስታገናኙ ሐዲዱ መሃል ላይ ከሳጥኑ ውጭ ይቀራል፣ ወደ 17 ሴንቲ። ስለዚህ ውጨኛውን ጎን የግድ ማሳበጥ ወይም በሁለት ሦስት ቦታ መስበር አለባችሁ። ይህን አድርጋችሁም የምታገኙት ተለቅ ያለ፣ ለሁለት ሰው እንኳ በበር ለማስወጣት የሚያስቸግር ነገር ነው። ለቋሚ ቦታ ይሁን። ለሚጓዝ ሞጁል አልመክርም።

ሁለት 45 ካደረጋችሁት አንዱ ቁራጭ ውጨኛ ጎኑ 1235 ሚሊሜትር፣ ውስጠኛው 768 ይሆናል። ሐዲዱ መሃል ላይ ከውጨኛው ጠርዝ 16 ሴንቲ ይርቃል፣ ከውስጠኛው 40። ውስጥ በኩል ጥሩ ሰፊ መሬት አገኛችሁ ማለት ነው፣ ጣቢያም መንደርም ይቀመጥበታል። ብዙ ሰው የሚሠራው ይሄን ነው፣ ጥሩ ምክንያትም አለው፦ ሁለት ሞጁል፣ አንድ መገናኛ፣ ጥቂት እግር።

ሦስት 30 ደግሞ እያንዳንዱ ውጨኛው 903፣ ውስጠኛው 588 ነው። ሐዲዱ ከውጨኛው ጠርዝ 23 ሴንቲ፣ ከውስጠኛው 36 ሴንቲ ስለሚርቅ ሁለቱም ጎን ይመጣጠናል። አንድ ሰው ብቻውን ይሸከመዋል፣ የተለመደ መኪና የኋላ መቀመጫ ላይ ይገባል። ለእኔ ግን 30ን የሚያስመርጠኝ ሌላ ነገር ነው። የተለመደው ፍሌክስ ሐዲድ (በእጅ የሚታጠፈው) 914 ሚሊሜትር ርዝመት አለው። የ45 ዲግሪው ሞጁል ከነቀጥታዎቹ 1038 ሚሊሜትር ሐዲድ ይፈልጋል፣ የ30ው 759 ብቻ። ስለዚህ 30 ላይ አንድ ሐዲድ ከጫፍ ጫፍ ያለ ምንም መጋጠሚያ ይዘረጋል። ኩርባ ላይ ባቡር የሚወድቀው አብዛኛውን ጊዜ መጋጠሚያ ላይ በተሰበረች አንግል ነው፣ እዚህ ላይ ያ ችግር ከሥሩ ጠፋ። ለመጀመሪያ ኩርባ ሞጁል ምከረኝ ለሚለኝ ሰው 30 እለዋለሁ፣ ቡድኑ ሌላ ካላለ በቀር።

አራት 22.5 የሚሠሩም አሉ። ቀላልና ትንሽ ነው፣ ግን እያንዳንዱ ተጨማሪ ቁራጭ 20 ሴንቲ ቀጥታ፣ ተጨማሪ እግር፣ ተጨማሪ ሽቦና ተጨማሪ ማስተካከያ ያመጣል። ባቡሩም ታጠፍ፣ ቀና በል፣ ታጠፍ፣ ቀና በል ይሆንበታል። የኋላ መቀመጫው በጣም የጠበበ መኪና ከሌላችሁ አይታየኝም።

ይሄ "ታጠፍ፣ ቀና በል" ነገር በ45ና በ30ም አለ። መፍትሔው ሁለቱን ወይም ሦስቱን ሁሌም አብረው የሚሄዱ አንድ ስብስብ ማድረግ ነው። ስታንዳርዱ የሚጠይቀው የስብስቡን ሁለት ዳር ጫፎች ነው፤ በመሃል ያለው መገናኛ የራሳችሁ ስለሆነ ኩርባው ሳይቋረጥ ማለፍ ይችላል፣ በብሎንና በዳዶም ታጠብቁታላችሁ። የሚቀርባችሁ ነፃነት ነው፦ አንዱን ቁራጭ ብቻውን ለሌላ ቦታ መጠቀም አትችሉም። ትንሽ ቡድን ውስጥ ካላችሁ ነፃነቱን ምረጡ። ቡድኑ ትልቅ ከሆነና ኩርባ የማይጠፋበት ከሆነ የሚያምረውን ስብስብ ሥሩ።

ቀጥ ያለ ጎን ወይስ የታጠፈ?

ይሄኛው ቶሎ ያልቃል። ቀጥ ያለ ጎን በማንኛውም መጋዝ ይቆረጣል፣ ርካሽ ነው፣ መኪና ውስጥ ሲደረደርም አያስቸግርም። የታጠፈ ጎን ከሐዲዱ ጋር እኩል ስለሚሄድ ዓይንን ይስባል፣ በተለይ ብዙ ኩርባ ሲቀጣጠል። ለመሥራት 3 ሚሊሜትር ቀጭን ኮምፔንሳቶ ሁለት ድርብ በኮላ አጣብቃችሁ ቅርጽ ላይ በሞርሳ ይዛችሁ ማሳደር አለባችሁ፤ አንድ ወፍራም ሳንቃ ለማጠፍ አትታገሉ። ኤምዲኤፍን ለጎንም ለጫፍም አልወደውም፣ ይከብዳል፣ እርጥበት ሲነካው ያብጣል። ለጫፍ ሳንቃ 18 ሚሊሜትር፣ ለጎን 12 ሚሊሜትር ጥሩ ኮምፔንሳቶ፣ ላዩ ላይ 5 ሴንቲ ጠንካራ ፎም፤ ቀላልና የማይጣመም ነገር ይወጣዋል። ጊዜ ካላችሁ ጎኑን እጠፉት፣ ከሌላችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ጊዜያችሁን ለአንግሉ ስጡት።

አንግሉ

ግማሽ ዲግሪ ምን ታደርጋለች? አንድ ዙር በስምንት 45 ተሠራ እንበልና እያንዳንዱ በተመሳሳይ አቅጣጫ ግማሽ ዲግሪ ይሳት። ድምሩ 4 ዲግሪ ነው። አምስት ሜትር ርቆ ሲታይ 4 ዲግሪ 35 ሴንቲ ያህል መሳት ነው። ያኔ ሰው ሁሉ ቆሞ ሞጁል እየገፋና እየጎተተ በየመገናኛው ክፍተት ይፈጥራል። ግማሽ ዲግሪ ደግሞ በ610 ሚሊሜትር ሳንቃ ላይ 5 ሚሊሜትር ብቻ ናት፣ በዓይን ሳትታይ ታልፋለች።

ስለዚህ በትንሽ ፕሮትራክተር አትሥሩ። በርዝመት ለኩ። ትልቅ ወረቀት ወይም ኮምፔንሳቶ ላይ 1000 ሚሊሜትር መስመር አስምሩ፣ ጫፉ ላይ በስኳድራ ቀጥ ያለ ማዕዘን አውጡ (600፣ 800፣ 1000 የሆነ ሦስት ማዕዘን ማዕዘኑ ትክክል መሆኑን ያረጋግጥላችኋል)፣ በዚያ ላይ 577 ሚሊሜትር ውጡና ከመጀመሪያው ጫፍ ጋር አገናኙ። 30 ዲግሪ ሆነ። ለ22.5 ቁጥሩ 414 ነው፣ ለ45 ያው 1000። ኩርባውን ደግሞ ረጅም ጣውላ አንዱን ጫፍ በምስማር ተክላችሁ 1067 ላይ እርሳስ አስገብታችሁ አዙሩት። ሙሉ ልኩን መሬት ላይ ከሳላችሁ በኋላ ሁለቱን የጫፍ ሳንቃዎች ስዕሉ ላይ አቁማችሁ፣ ሳይነቃነቁ አስራችሁ፣ ጎኖቹን ወደ እነሱ አምጧቸው። ጎኖቹን ቀድሞ ቆርጦ ሳንቃዎቹን በእነሱ ማስያዝ ስህተቱን ወደ ጫፉ ይወስደዋል።

ኮላው ሳይደርቅ የምታደርጉት አንድ ማረጋገጫ አለ፣ ከሁሉም የምወደው እሱን ነው። ሁለቱን ሰያፍ ለኩ፣ እኩል መሆን አለባቸው። ከዚያ ውጨኛውን የጎን ርዝመት ከጥግ እስከ ጥግ ለኩና ውስጠኛውን ቀንሱለት። የጫፍ ሳንቃው 610 ከሆነ ልዩነቱ ለ30 ዲግሪ 316 ሚሊሜትር፣ ለ45 ዲግሪ 467 ሚሊሜትር መምጣት አለበት። ሬዲየሱ ስንትም ይሁን፣ ቀጥታው ስንትም ይሁን ልዩነቱ አይቀየርም። 1 ሚሊሜትር ከተሳሳተ አንግሉ አንድ አሥረኛ ዲግሪ ያህል ተሳስቷል ማለት ነው፣ ይሄን እንኳ በብርጭቆ ወረቀት ማስተካከል ይቻላል።

ሐዲዱን ስትዘረጉ

45 የመረጣችሁ ሰዎች ሁለቱን ፍሌክስ ሐዲድ ቀጥ ብለው ሳሉ በሚቀልጥ የብየዳ እርሳስ በይዷቸው፣ ከዚያ በኋላ እጠፏቸው። ታጥፎ ከተበየደ መጋጠሚያው ላይ ጉልበት ያወጣል። ሲታጠፍ የውስጠኛው ሐዲድ ጫፉ ላይ ተርፎ ይወጣል፣ ያንን ቆርጣችሁ ጨርሱት እንጂ አስቀድማችሁ አትለኩት።

ከቀጥታው ወደ ኩርባው በአንዴ መግባት ያስጠላል፣ ባቡሩ ይወረወራል። ቀስ እያለ የሚጠብ መግቢያ ማበጀት ትችላላችሁ፤ በ1067 ሬዲየስ ላይ 50 ሴንቲ መግቢያ ኩርባውን ወደ ውስጥ 1 ሴንቲ ገደማ መግፋት ብቻ ነው የሚጠይቀው። አጭሩ የ30 ዲግሪ ሞጁል ላይ ግን በሁለት በኩል 50 ሴንቲ የሚሆን ቦታ የለም፣ እዚያ መግቢያው ማጠር አለበት። በዚህ በኩል 45 እና ሙሉው ስብስብ ይበልጣሉ፣ ይህን አልክድም።

ነጠላ ሐዲድ መሃል ላይ ያለበት ኩርባ ሞጁል ሌላ ጥቅም አለው። ዞር ስታደርጉት የግራው ኩርባ የቀኝ ይሆናል፣ አንዱ ሞጁል ለሁለቱም ያገለግላል። ነገር ግን የግራና የቀኝ ኩርባን ጀርባ ለጀርባ አታጋጥሙ። በመሃላቸው የሚኖረው ቀጥታ 10 ሲደመር 10፣ 20 ሴንቲ ነው፣ ረጅሙ ፉርጎ ደግሞ 30 ሴንቲ፤ የፉርጎው አንድ ጫፍ ወደ ግራ፣ ሌላው ወደ ቀኝ ሲሳብ ማያያዣው ከሐዲድ ያወጣዋል። ቢያንስ አንድ ቀጥ ያለ ሞጁል መሃል አስገቡ።

የድሮውን የለገሃር መስመር፣ በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ የደረሰውን የጅቡቲ ባቡር፣ መሥራት ለምትመኙ ደግሞ ሒሳቡ ይቀላል። ያ ሐዲድ 1 ሜትር ስፋት ስለነበረው በ1:87 የሚሠራው በ12 ሚሊሜትር ሐዲድ ነው። 13 ሜትር የሆነ ፉርጎ በዚህ ስኬል 15 ሴንቲ ስለሚሆን 3 እጥፉ 45 ሴንቲ ብቻ ነው። በዚህ ሬዲየስ ሙሉ 90 ዲግሪ እንኳ አንድ ሰው የሚሸከመው ሳጥን ውስጥ ሊገባ ይችላል፣ ከላይ ስለ 90 ያልኩት እዚህ ላይ አይሠራም። ግን 12 ሚሊሜትሩ ከ16.5ቱ ሞጁሎች ጋር አይገናኝም፣ ስለዚህ ለቤታችሁ ወይም ለተስማሙ ጓደኞች ነው የምትሠሩት።

ጣውላ ከመቁረጣችሁ በፊት ቡድን ካላችሁ ደውላችሁ የትኛው አንግል እንዳላቸው ጠይቁ። አንድ 30 እና አንድ 45 አብረው 75 ይሆናሉ፣ 75 ደግሞ የትኛውም አዳራሽ ጥግ ላይ አይገጥምም። እነሱ ሦስት 45 ይዘው አራተኛ የሚፈልጉ ከሆነ የእኔን የ30 ምክር ተዉትና 45 ሥሩ። ሦስት 30 ብቻችሁን ለመሥራት ጊዜ ካላችሁ ደግሞ ማንንም መጠበቅ የለባችሁም፣ 90ውን ራሳችሁ ይዛችሁ ትመጣላችሁ።